ቃሬዛ በቢውፎርድ ሃይዌይ

ሰው ሲያዝንልኝ አልወድም። ይህን ስታነቡ "ምስኪን" ልትሉ ከሆነ እዚሁ አቁሙ። የምጽፍላችሁ አንድ አፈ ክፉ የቫን ሾፌርና አንድ ግትር ሽማግሌ በረዶ ላይ ተጣብቀው ስለዋሉበት ቀን ነው። ከሁለታችን ምስኪን የሚባል አልነበረም።

ስሜ ምትኩ ነው። ያኔ አትላንታ ውስጥ ሕመምተኛ የሚያመላልስ ቫን እነዳ ነበር። አምቡላንስ አይደለም። ኩላሊታቸው ሥራ ያቆመ ሰዎችን ከቤታቸው አንስቼ ደማቸው በማሽን የሚታጠብበት ክሊኒክ አደርሳለሁ፤ ሲጨርሱ እመልሳለሁ። ወደዚህ አገር ስመጣ ዲቪው የደረሳት ሚስቴ ነበረች፤ እኔ ከሻንጣዎቿ አንዱ ሆኜ ነው የመጣሁት። ሻንጣው ሲከብዳት ጣለችው። ፊደል የቆጠርኩት ከአርባ ዓመቴ በኋላ ነው፤ ክላርክስተን አካባቢ ባለ የእኛ ሰዎች ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት፣ ለሕፃናት በተሠራ ወንበር ላይ፣ ጉልበቴ አገጬን እየነካ። ሰው ማንበብ ሲችል ዓይኑ በራ ይባላል። የእኔ ሲበራ ያየው ስንት ዓመት ሲዋሹኝ እንደኖሩ ነው። ከዚያ በኋላ ያሰብኩትን ሳላኝክ መትፋት ለመድኩ። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ስገባ መጨረሻ ላይ የሚሞላው ከጎኔ ያለው ወንበር ነው።

ሚስተር ኦካዳ ደንበኛዬ ነበሩ። ጃፓናዊ ናቸው፤ ሰማንያን የተሻገሩ፣ ዕድሜ ልካቸውን ታሪክ ያስተማሩ፣ ኖርክሮስ ውስጥ ዩሚ ከምትባል ልጃቸው ጋር የሚኖሩ። በሳምንት ሦስት ቀን ዶራቪል ወዳለው ክሊኒክ እወስዳቸዋለሁ። እንግሊዝኛን እሳቸው በአንድ በኩል እኔ በሌላ በኩል እየሰበርነው እንግባባለን። በእንግሊዝኛ አንቱታ የለም፤ እኔ ግን በልቤ "እርስዎ" እያልኩ ነበር የማናግራቸው። ወሬ አይወዱም፣ እኔም አልወድም፤ በዚህ ተስማምተን ኖርን።

ቀኑ ማክሰኞ ነበር፤ የጥር ወር። ዝናብ ነው የተባለው ነገር እኩለ ቀን ላይ መሬት ሲነካ መስተዋት ሆነ። አትላንታን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ይህች ከተማ በረዶ ሲነካት እንደ ሰከረ ሰው ናት። ትምህርት ቤቱ፣ ቢሮው፣ ፋብሪካው ሁሉ በአንድ ጊዜ ሰውን ልቀቅ ብሎ መንገድ ላይ ደፋው። እኛ ኖርክሮስን ለቀን ቢውፎርድ ሃይዌይ ላይ ወጥተናል። አንድ ቁልቁለት ጫፍ ላይ ስንደርስ ከፊታችን ያሉት መኪኖች ጎናቸውን ሰጥተው ተጋደሙ። ፍሬን ስይዝ ቫኑ አልሰማኝም፤ የመንገዱ ዳር ድንጋይ ነው ያቆመው።

"ደረስን?" አሉ ሚስተር ኦካዳ ከኋላ፣ ከዊልቸራቸው ላይ።

"አልደረስንም። ግን ቆመናል።"

መጀመሪያ አልደነገጥኩም። ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይተን ከአንድ ክንድ በላይ ሳንጓዝ ስንቀር ግን ፈራሁ። ምክንያቱም ሚስተር ኦካዳ ቅዳሜም ቀርተው ነበር፤ "ጉንፋን ይዞኛል" ብለው። ዛሬም ከቀሩ ሁለት ጊዜ ሊሆን ነው። ሁለት ጊዜ የቀረች አንዲት ደንበኛ ነበረችኝ። በሚቀጥለው ቀጠሮ በሯን ሳንኳኳ የከፈተችልኝ እህቷ ነበረች፣ ጥቁር ለብሳ። የክሊኒኩ ነርስ ያኔ በቀላሉ አስረድታኛለች፦ ማሽኑ ያላወጣው ጨው ደም ውስጥ ይጠራቀማል፤ መጀመሪያ እግር ይዝላል፣ ከዚያ ሰውየው ያንቀላፋል፣ ከዚያ ልብ ያለ ምንም ጩኸት ይቆማል።

ዲስፓች፣ ጉዟችንን ወደሚመራው ቢሮ፣ ደወልኩ። የምታነሳው ሰናይት ናት፤ እዚሁ ያደገች የእኛ ልጅ።

"ጋሽ ምትኩ፣ ኦኬ፣ ሊስን። ከቫኑ አትውረድ። ፔሸንቱንም አታውርድ። ፖሊሲ ነው።"

"የማን ፖሊሲ?"

"የካምፓኒው ነዋ! ኢንሹራንሱ ከቫን ውጪ ከቨር አያደርግም።"

"ሰውየው ቢሞትስ? ቫን ውስጥ ከሞተ ከቨር ያደርጋል?"

ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "ጋሽዬ፣ ፕሊስ፣ ዛሬ እንኳ አትቆጣኝ። ናይን ዋን ዋን ሦስቴ ደውያለሁ። አምቡላንሱም ላይክ፣ እንደ እናንተው ተንሸራቶ ቆሟል" አለችኝ።

ወደ ኋላ ዞሬ አየኋቸው። ፊታቸው የአመድ መልክ ይዟል።

"እግርዎ እንዴት ነው?"

"የሌላ ሰው እግር ይመስላል" አሉ። ዓይናቸው ሊከደን ነው።

ከሾፌር ወንበሬ ተነስቼ አጠገባቸው ሄድኩ። "እንዳይተኙ! ይናገሩ!"

"ምን ልናገር?"

"ያስተማሩትን። ዕድሜዎን ሙሉ ለተማሪ ምን ሲሉ ኖሩ?"

ትንሽ አሰቡ። "ማንም ተማሪ ያልወደደልኝን፣ እኔ ግን የምወደውን ልንገርህ። እኛ አገር ዘመን ስም ይወጣለታል። ድሮ ረሃብ ሲገባ፣ ምድር ስትንቀጠቀጥ፣ ሰማይ ላይ እንግዳ ኮከብ ሲታይ ቤተ መንግሥቱ ይደነግጥና የዘመኑን ስም ይቀይራል። አሮጌው ከነመዓቱ ይሂድ፣ ከዛሬ ጀምሮ እንደ አዲስ አንድ ብለን እንቁጠር ይላሉ።"

"መዓቱ ይቆማል?"

ሳቃቸው ሳል ሆነ። "አንድም ጊዜ ቆሞ አያውቅም።"

"እኛም ጋ አለ" አልኳቸው። "መንግሥት በተለወጠ ቁጥር የአደባባዩንና የትምህርት ቤቱን ስም ይቀይራሉ። ችግር ግን አድራሻ አይጠፋበትም። አዲስ ስም በተሰጠው መንገድ መጥቶ ያንኑ በር ያንኳኳል።"

"ለዘመናችሁስ ስም የላችሁም?"

"አለን። ማቴዎስ፣ ማርቆስ፣ ሉቃስ፣ ዮሐንስ። በየዓመቱ ተራቸውን ጠብቀው ይመጣሉ። ፈራን ብለን ማርቆስን ከሥራ አናባርርም።"

ይህን ሲሰሙ ዓይናቸው ተገለጠ። በጎ ነው ብዬ፣ "ይቀጥሉ" አልኳቸው።

"ሪያኩኒን የሚባል ዘመን ነበር። ከስምንት መቶ ዓመት ገደማ በፊት። ሦስት ወር እንኳ አልሞላም። ሰማይ ላይ ክፉ ምልክት ታየ ብለው ሰየሙት። ጥቂት ሳይቆይ ሕዝቡ፣ ይህ ስም ራሱ ሰው ይፈጃል ብሎ ማንሾካሾክ ጀመረ። ፈርተው ያወጡትን ስም ፈርተው ጣሉት። የተካውም ሁለት ዓመት አልሞላውም።"

"ንጉሡስ ዝም አለ?"

"ንጉሡ የሰባት ዓመት ልጅ ነበር። ምን ይበል? ከጥቂት ዓመት በኋላ የቤተ መንግሥቱን ሴቶች አንሸራትቼ ልሳቅ ብሎ መተላለፊያው ላይ የድንጋይ ዱቄት ነሰነሰ። ራሱ ተንሸራቶ ወደቀና በዚያው ሞተ ይባላል።"

በመስኮቱ አሻግሬ አየሁ። አንዲት ሴት ከመኪናዋ ወርዳ ሁለት እርምጃ ሳትሄድ በጀርባዋ ተዘረረች።

"እንዲህ ባለ ቀን የሚወራ ነው ይሄ?"

"ተናገር ያልከኝ አንተ ነህ።"

"ታዲያ ምኑን ነው የወደዱት?"

"ሰዎቹን" አሉ። ድምፃቸው እየወረደ ነው። "በዚያች አጭር ዘመን ያገባ አለ። መሬት የሸጠ፣ ልጅ የወለደ አለ። አንደኛ ዓመት ብለው ጀመሩ፤ ሁለተኛው ሳይሞቃቸው ተነጠቁ። አጭር መሆኑን አላወቁም። እኔ ግን አውቃለሁ።" ወደ መስኮቱ ዞሩ። ከዚያ፣ "ምትኩ፣ ቅዳሜ ጉንፋን አልያዘኝም ነበር" አሉኝ።

ወዲያው አልገባኝም።

"ደክሞኛል። በቃኝ። ለዩሚ መንገር አልቻልኩም። እዚህ ጥሩ ቦታ ነው፤ ዛፎቹን እያቸው፣ ብርጭቆ ለብሰዋል። ተወኝ።"

ላብ አጠመቀኝ፤ በዚያ ብርድ። አፌ የለመደውን ተፋ፦ "ይህን ቫን የማጸዳው እኔ ነኝ። እዚህ ውስጥ ሰው አይሞትም!"

ፈገግ አሉ። ከዚያ ዓይናቸውን ከደኑ፤ ስጠራቸውም የመለሱልኝ በቅንድባቸው ብቻ ነው።

ከቁልቁለቱ ግርጌ፣ ከሚቀጥለው መብራት አለፍ ብሎ የእሳት አደጋ ጣቢያ እንዳለ አውቃለሁ፤ በየቀኑ አልፈዋለሁ። ሕክምና የሚያውቁ ሰዎች እዚያ አሉ። እሳቸውን የቫኑ መቀመጫ ላይ አዛውሬ ዊልቸሩን ባዶውን አውርጄ ሞከርኩ። ጎማው እንደ ሳሙና ሙልጭ አለ፤ እኔና ባዶ ወንበሩ ተያይዘን ወደቅን። መልሼ ሰቀልኩት። በጀርባዬ ልዘላቸው አሰብኩ፤ ብንወድቅ አጥንታቸው እንደ ደረቅ እንጨት ነው።

ያኔ እጄ ያወቀውን ጭንቅላቴ ዘግይቶ ሰማ። ያደግኩበት ገጠር መኪና አይገባም። ሰው ሲታመም ሁለት ረጅም እንጨት ላይ ጨርቅና ጠፍር ተወጥሮ ቃሬዛ ይሠራል። አራት ሰው ይሸከማል። ከዚያ ይጮኻል፤ የሰማ ሁሉ እርፉን ጥሎ ይወጣል፣ ትከሻ ይቀበላል፣ እስከሚቀጥለው መንደር ያደርሳል። ተሸካሚው የታመመው ማን እንደሆነ ላያውቅ ይችላል። ቃሬዛ አይቶ ትከሻውን ሳይሰጥ ያለፈ ሰው ግን ክፉ ስሙ ለልጅ ልጁ ይተርፋል።

ወርጄ መጮኽ ጀመርኩ። "ሰው! ሰው ስጡኝ!" በመጀመሪያ በአማርኛ ነበር፤ ከዚያ በእንግሊዝኛ። አንድ ከረባት ያሰረ ወጣት መስኮቱን በጣት ስፋት ዝቅ አድርጎ ሰማኝ።

"ቢወድቅ ማነው የሚጠየቀው?" አለኝ።

"አንተ አይደለህም፣ አይዞህ፤ አንተማ መኪናህ ውስጥ ነህ" አልኩት። መስኮቱን ዘጋ።

ከእሱ በኋላ የጣሪያ ሠራተኞች ፒካፕ ቆሟል፤ ላዩ ላይ የአሉሚኒየም መሰላል ታስሯል። መሰላሉ ቃሬዛ ሆኖ ታየኝ። ሾፌሩ ራሞን ይባላል፤ ሜክሲኳዊ፣ አጭር፣ ደረቱ በርሜል የሚያክል። ከሁለት ወንድሞቹ ጋር ነው።

"ሽማግሌ። ልብ። ጣቢያው እዚያ ታች" አልኩት በእጄም በአፌም።

ራሞን ወንድሞቹን በስፓኒሽ አንድ ነገር አላቸው። አንዱ መሰላሉን መፍታት ሲጀምር ሌላው ምንጣፍና ገመድ እየጎተተ ነበር።

"ጫማህን አውልቅ" አለኝ ራሞን ጫማዬን አይቶ። "ካልሲ ከላይ። ካልሲ በረዶ ይይዛል።" የራሱን ካልሲ አውልቆ ከቦት ጫማው በላይ ሲያጠልቅ አየሁና እንደሱ አደረግኩ።

ሚስተር ኦካዳን መሰላሉ ላይ አጋደምናቸው፣ በብርድ ልብስ ጠቅልለን አሰርናቸው። እኔ በፊት በኩል ገባሁ። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ይጮኻል፤ ሰናይት እንደሆነች አውቃለሁ፤ አላነሳሁም።

"አውርዱኝ" አሉ ስናነሳቸው። እንግሊዝኛቸውን ስለለመድኩ ቃሉ ለእኔ ግልጽ ነበር። "ምትኩ፣ አውርደኝ ብዬሃለሁ።"

ራሞን አየኝ። "ምን ይላል?"

"ቀጥል ይላል" አልኩት።

አዎ፣ ዋሸሁት። እኛ ጋ ቃሬዛ ላይ ያለ ሰው አይጠየቅም። እናቴን ስንሸከም እኔ ጎረምሳ ነበርኩ፤ እንዲሁ በፊት በኩል። "መልሱኝ፣ ቤቴ ልሙት" እያለች ለምናናለች። ማንም አልሰማትም፤ እኔም። ጤና ጣቢያ ሳንደርስ መንገድ ላይ አረፈች። ቁልቁለቱን ስወርድ ድምጿ ጆሮዬ ላይ ነበር፤ ግን እግሬ አልቆመም።

መንገዱን በዘይት እንደተቀባ ምጣድ አስቡት። እያንዳንዱን እርምጃ ራሞን በስፓኒሽ ይቆጥራል፤ እኛ በቁጥሩ እንረግጣለን። ግማሽ ላይ ስንደርስ ከላይ ጩኸት ሰማን። አንድ ትልቅ መኪና ፍሬኑ ከድቶት፣ ጎኑን ሰጥቶ፣ ጡሩንባውን እያስጮኸ ወደ እኛ ይንሸራተታል። ፈጣን አልነበረም። ይህ ነው የሚያስፈራው፤ ቀስ ብሎ፣ እርግጠኛ ሆኖ ነው የሚመጣው። "ወደ ቀኝ!" አልኩ በአማርኛ። እንዴት እንደገባቸው አላውቅም፤ አራታችንም ወደ ቀኝ ወደ ሣሩ ወደቅን። ቃሬዛውን ግን ማንም አልለቀቀም። ትከሻዬ መሬት ሲመታ አንድ ነገር ሲሰበር ሰማሁ። መኪናው ከእግራችን አጠገብ አልፎ የመብራት ምሰሶ ላይ ቆመ።

ሚስተር ኦካዳ አይንቀሳቀሱም። ጆሮዬን አፍንጫቸው ላይ አደረግኩ። የሚሰማኝ የራሴ ልብ ብቻ ነው።

"ሚስተር ኦካዳ! ንጉሡ! ንጉሡ ስንት ዓመቱ ነበር?"

ምንም።

"ንጉሡ ስንት ዓመቱ ነበር? ረሱት እንዴ? አስተማሪ ነኝ ብለው!"

ራሞን አበደ ብሎ አየኝ። ከብርድ ልብሱ ውስጥ፣ ከሩቅ አገር የሚመጣ የሚመስል ድምፅ፣ "ሰባት" አለ። ቀጥሎም፣ "ባለጌ" አለኝ።

ከዚያ በኋላ ያለውን በደንብ አላስታውስም። ያ ከረባት ያሰረ ወጣት እየተንሸራተተ መጥቶ ከእኔ ትከሻ መሰላሉን ተቀበለ። የጣቢያው ትልቅ በር ሲከፈት የወጣው ሙቀት ፊቴን መታው። ደረታቸው ላይ ሽቦ ለጠፉባቸው። አንዷ ባለሙያ ማሽኑን አይታ ተሳደበች፤ ለማንም አልነበረም ስድቡ። ክንዳቸው ላይ መድኃኒት ገፋች። ቆመን አየን። ማሽኑ ላይ ሰፋፊ ሆኖ ሲንከባለል የነበረው የልባቸው መስመር ቀስ በቀስ እየጠበበ፣ እንደ ጤነኛ ልብ ሹል ሹል እያለ መዝለል ጀመረ። ጎማው ሰንሰለት በታሰረለት የእሳት አደጋ መኪና ሆስፒታል ሲወስዷቸው ገና አልመሸም።

በማግሥቱ ካምፓኒው አገደኝ። ሰናይት ደውላ እያለቀሰች ነገረችኝ። "አታልቅሺ" አልኳት። "ፖሊሲ ነው።"

ክንዴን ታስሬ ሆስፒታል ልጠይቃቸው ሄድኩ። ዩሚ አልጋው አጠገብ ቆማ ነበር። ያልታሰረውን እጄን ይዛ ጎንበስ አለች። አባቷ ያሉኝን እንደማታውቅ ከፊቷ አየሁ። ውሃ ላመጣ ብላ ስትወጣ ሚስተር ኦካዳ ፊታቸውን አዙረው አፈጠጡብኝ።

"አውርደኝ አላልኩህም?"

"ብለውኛል።"

"አልሰማህም?"

"ሰምቻለሁ። እኛ ጋ ቃሬዛ ላይ ያለ ሰው አይጠየቅም።"

"መጥፎ ሕግ ነው።"

"ብዙ ሰው አድኗል።"

"ስንቱንስ ሳይፈልግ ይዞ ሄዷል?"

ስለ እናቴ አልነገርኳቸውም፤ ግን ከፊቴ ላይ አንድ ነገር ያነበቡ ይመስለኛል፤ ድምፃቸው ለሰለሰ።

"ደክሞኛል ያልኩህም እውነት አልነበረም" አሉ። "ፈርቼ ነበር። ሸክም ሆኜባት እንዳልቀር፣ ዩሚ ዕድሜዋን በእኔ እንዳትጨርስ ፈራሁ። ፍርሃቴን ድካም ብዬ ስም አወጣሁለት። ዕድሜዬን ሙሉ የዘመን ስም በሚቀይሩት በእነዚያ መኳንንት ስስቅ ኖሬ።"

አንባቢዎቼ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ አፈ ጣፋጭ ሆኗል ብላችሁ አትጠብቁኝ። አፌ ያው ነው። ግን ያን ዕለት ከሆስፒታል ስወጣ አንድ ነገር ገባኝ። እኔም ቂሜን "እውነት ተናጋሪነት" ብዬ ስም አውጥቼለት ስንት ዓመት በኩራት ይዤው ዞርኩ። ስሙ አምሮበት ነበር። ቂሙ ግን ያው ቂም ነው። አሁን ስናገር አንዳንዴ መሐል ላይ አቆምና ይህ የትኛው ነው ብዬ ራሴን እጠይቃለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ቂሙ ሆኖ አገኘዋለሁ። ያኔ ዝም እላለሁ፤ ሁልጊዜ አይደለም፣ ግን እላለሁ።

ክንዴ ሲጠገን በራሴ መኪና መሥራት ጀመርኩ። ዩሚ ደውላ አባቴን አንተ አመላልስልኝ አለችኝ። የመጀመሪያው ቀን በራቸው ላይ ቆሜ፣ መድረሻው እየታወቀ፣ "ዛሬ ወዴት ነን?" አልኳቸው። ትክ ብለው አዩኝ።

"ወደ ማሽኑ" አሉ።

ከዚያ በኋላ በሄድን ቁጥር እጠይቃለሁ፤ በመጡ ቁጥር "ወደ ማሽኑ" ይላሉ። አንዳንዴ በቁጣ፣ አንዳንዴ በሳቅ። ክረምቱ አለፈ፤ ዛፉ ሁሉ አበበ። አንድ ጠዋት ስጠይቃቸው ዩሚ ኮቷን ለብሳ ከኋላቸው ቆማለች። ዓይኗ ቀልቷል፣ ግን ተረጋግታለች። ማሽኑን ስለመተው ተነጋግረው፣ ሐኪሙንም አማክረው እንደጨረሱ ወዲያው ገባኝ።

"ዛሬ ወደ ውሃ ውሰደን" አሉ።

ፓይን ሌክ ወሰድኳቸው። ሐይቁ ዳር ያለው አግዳሚ ላይ ሦስታችን ተቀመጥን። ሚስተር ኦካዳ ያን ቀን ስለ ታሪክ አንዲት ቃል አልተናገሩም። ዩሚ ትከሻቸው ላይ ተደገፈች፤ ዳክዬ እያዩ ሳቁ። ሽማግሌው ሳምንቱን አልጨረሱም።

ሰዎች ይህን ስነግራቸው፣ ታዲያ ያን ቀን መሸከምህ ምን ፋይዳ አለው፣ ያው ሞቱ አይደል ይሉኛል። እንዲህ የሚሉኝ ብዙውን ጊዜ የተማሩ ናቸው፣ አንዳንዴም ያልተማሩ። አልቆጣቸውም። ዛሬም ያ ቁልቁለት፣ ያ በረዶ ቢመጣ፣ "አውርደኝ" እያሉኝ እሸከማቸዋለሁ። ከታች ስንደርስ ግን፣ ሲሞቃቸው፣ ትንፋሻቸው ሲመለስ፣ ወዴት መሄድ እንደሚፈልጉ እጠይቃቸዋለሁ፤ መልሱ ቢመረኝም።